ቢልሐርዚያና የፊኛ ካንሰር

አንድ በሽታ ሲቀንስ እርሱ ያስከትለው የነበረው ሌላ በሽታም ጠባዩን ይለውጣል። ይህንንም ከግብፅ አገር ታሪክ ለመረዳት ይቻላል። የምናነሣቸው ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በ1851 ቴዎዶር ቢልሐርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ ከተማ አስከሬን ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ቀጭን ትል አገኘ፤ በሽታውም በስሙ ቢልሐርዚያ ተባለ። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በመስኖ ውሃ የቆመውን ገበሬ ወይም የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ካደገም በኋላ በፊኛ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ተቀምጦ እንቍላል ይጥላል፤ እንቍላሉም የፊኛውን ግድግዳ እየወጋ ያቈስላል፤ ሽንቱም ደም ይቀላቅላል። ቍስሉ ለብዙ ዓመታት ሲቈይ የፊኛው የውስጥ ሽፋን የውጭ ቆዳን እየመሰለ ይሄድና ቅርፊታም የሚባለውን ካንሰር ያመጣል።

ይህ ካንሰር የሚይዘው በአርባዎቹ ዕድሜ ያለውን፤ ገና ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረውን ሰው ነበር። በመድኃኒት እምብዛም ስለማይበገር ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ፊኛውን ፈጽመው ለማውጣት ይገደዱ ነበር።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በየመንደሩ ሲታደል ቢልሐርዚያ እጅግ ቀነሰ። በካይሮ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ1970ዎቹ ከታዩት የፊኛ ካንሰር ሕሙማን ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ ቅርፊታሙ ነበረባቸው፤ በ2000ዎቹ ግን ሢሶ እንኳ አልሞሉም።

ሆኖም የፊኛ ካንሰር ጠፋ ማለት አይደለም። ስፍራውን የያዘው በሌላው ዓለም የተለመደውና በስድሳ ዓመት ገደማ የሚበዛው ዓይነት ነው፤ ዋናው ምክንያቱም ትምባሆ ነው። ሕክምናውም ይለያል። ሥር ሳይሰድ ከተደረሰበት በሽንት መውጫ በሚገባ መሣሪያ ተቈርጦ ይወጣል፤ ቀጥሎም ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠው ቢሲጂ በፊኛው ውስጥ እየተጨመረ ፊኛውን ለማትረፍ ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከዕጢው ቈርጦ በማስመርመር ዓይነቱን አስቀድሞ መለየት አለበት።

የፊኛው ቢልሐርዚያ በአገራችንም በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቈላዎች ስለሚገኝ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በግብፅ መንደሮች ደም መሽናት ከመለመዱ የተነሣ እንደ ተራ ነገር ይቈጠር ነበር፤ ብዙዎችም ወደ ሐኪም የደረሱት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ደም የሸና ሰው፤ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፤ ሕመም ባይሰማውም እንኳ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ትሉ ከሆነ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ ካንሰርም ከሆነ በጊዜ መድረሱ ፊኛውንም ሕይወቱንም ሊያተርፍለት ይችላል።