ጣሪያ ሳይበሳ ሶላር ፓናል መግጠም፡ ኢንዳክሽን መፍትሔ ይሆን?

ናይሮቢ ውስጥ የጣሪያ ቆርቆሮ 'ማባቲ' ይባላል። ከኪቤራ መንደሮች እስከ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ መጋዘኖች ድረስ የኬንያን መዲና በብዛት የሚሸፍናት እሱ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ዝናቡ ሲወርድ፣ በዚህ ቆርቆሮ ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነች ትታወቃለች።

በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሶላር ፓናል መግጠም ደግሞ በአብዛኛው ቆርቆሮውን መብሳትን ይጠይቃል። ፓናሉን የሚሸከመው ፍሬም በብሎን ይታሰራል፤ ቀዳዳውም በጎማ ይታሸጋል። ጎማው ዓመታት ባለፉ ቁጥር በፀሐይ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ የዚንክ ልባሱ የተነሳበት ብረትም ይዝጋል። ፓናሉ 25 ዓመት ያህል እንዲያገለግል የተሠራ ቢሆንም ጣሪያው ቀድሞት ሊያረጅ ይችላል።

ከተማዋ ለጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል እንግዳ አይደለችም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በጊጊሪ የሚገኘውን ሕንፃውን እአአ በ2011 ሲያስመርቅ ጣሪያውን በፓናሎች ሸፍኖ ነበር። አርክቴክት ቻሪቲ ዋንጂኩ ከወንድማቸው ጋር የመሠረቱት ስትራውስ ኢነርጂ ደግሞ የጣሪያውን ክዳን ራሱን ኃይል አመንጪ የማድረግ ሐሳብ ይዞ የተነሳ የናይሮቢ ኩባንያ ነው።

ክዳኑና ፓናሉ አንድ አካል ይሁኑ ከተባለ፣ ቀጣዩ ጥያቄ በምን ይጣበቁ የሚለው ነው።

የሚሞቀው ብረቱ ነው

አንዱ አማራጭ ኢንዳክሽን ነው። መርሁ በኢንዳክሽን ምድጃ ይታወቃል። ምድጃው ላይ የሸክላ ድስት ቢጣድ አይሞቅም፤ የብረት ድስት ግን ወዲያው ይግላል። ከምድጃው ሥር ባለ ጥቅል ሽቦ ውስጥ በፍጥነት አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ በብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ብረቱም ለዚህ ኤሌክትሪክ ፍሰት በሚያሳየው ተቃውሞ ራሱን በራሱ ያሞቃል። የዚህን ክስተት መሠረት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ1831 አግኝቶታል።

በጣሪያው ሥራ ላይ የድስቱን ቦታ ቆርቆሮው ይይዛል። በቆርቆሮውና በፓናሉ መካከል በሙቀት የሚቀልጥ ስስ የሙጫ ንጣፍ ይደረጋል። ጥቅል ሽቦው ሲያልፍ ቆርቆሮው በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ሙጫው ይቀልጣል፤ ከዚያም ተጭኖ እንዳለ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ያያይዛል። በተለመደው የፋብሪካ አሠራር ፓናሉ በሙሉ ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ለበርካታ ደቂቃዎች ይቆያል። በኢንዳክሽን ግን ሙቀቱ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ስለሚፈጠር ጊዜም ኃይልም ይቆጥባል።

ቀላል ያልሆነው ነገር

ፓናሉ ራሱ ብረት ነክ ነገሮች አሉት። ሴሎቹን የሚያገናኙት የመዳብ ሽቦዎች መስኩ ካገኛቸው አብረው ይሞቃሉ። ስለዚህ ጥቅል ሽቦውን በቆርቆሮው ጀርባ በኩል ማድረግ ይመረጣል፤ ቆርቆሮው አብዛኛውን መስክ ስለሚውጠው ለሴሎቹ ጋሻ ይሆናል። ይህ ግን ሥራው ከተከደነ ጣሪያ ላይ ይልቅ ቆርቆሮው በሚመረትበት ፋብሪካ እንዲከናወን ያስገድዳል። ሞገዳማው ቆርቆሮም ተሰባሪ ለሆኑት የሲሊከን ሴሎች አይመችም፤ ሰፋ ያለ ዝርግ ገጽ ያለው ቆርቆሮ ያስፈልጋል።

ሌላው ፈተና ሙቀት ነው። የሲሊከን ፓናል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ የሚሆን ኃይል ያጣል። በፍሬም ላይ የቆመ ፓናል ከሥሩ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ከቆርቆሮ ጋር የተጣበቀው ይህ ዕድል የለውም። እንደ ናይሮቢና አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች ጉዳቱ ሊቀንስ ቢችልም በሞምባሳ ወይም በአፋር ቆላ ይከብዳል።

የመጨረሻው ዳኛ ጊዜ ነው። ፓናሎች በዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ውስጥ ለ1,000 ሰዓታት ይፈተናሉ። ሙጫውም ይህንን አልፎ የዓመታት ዝናብና ነፋስ መቻል አለበት። አንዱ ሴል ቢበላሽ ፓናሉን ለብቻው ፈትቶ መቀየር ስለማይቻል፣ የማጣበቁ ጥራት ለባለቤቱ ድርብ ትርጉም አለው፤ የተጣበቀው መብራቱ ብቻ ሳይሆን ጣሪያውም ጭምር ነውና።