ገመድ ቢበጠስም ዝም የማይል የባሕር ሥር መረብ

ሱናሚን አስቀድሞ እንዲያሳውቅ የተዘረጋ መሣሪያ ሱናሚው ሲደርስ ዝም ቢልስ? ጥያቄው በጃፓን በተግባር ገጥሟል።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን ሲመታ፣ ከካማይሺ ከተማ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የወጣ የኦፕቲካል ፋይበር ገመድ በሥራ ላይ ነበር። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በ1996 የዘረጋው ይህ ገመድ ሦስት የንዝረትና ሁለት የውኃ ግፊት መለኪያዎችን ያገናኛል። መለኪያዎቹ ባሕሩ በመጀመሪያ ቀስ እያለ 2 ሜትር ያህል፣ ቀጥሎም በድንገት 3 ሜትር ያህል ከፍ ማለቱን መዘገቡ። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ግን መረጃው ተቋረጠ። ምክንያቱ ከባሕር ወለል አልመጣም፤ በባሕሩ ዳርቻ የነበረው መቀበያ ጣቢያ በሱናሚው ወደመ።

የአንድ መስመርና የአንድ መውጫ ችግር ይኸው ነው። አንዲት ቦታ ስትጎዳ ከእርሷ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መረቦች ይህንኑ ድክመት ለመሸፈን ታቅደዋል። በ2015 በዚያው አካባቢ የተዘረጋው 105 ኪሎ ሜትር ገመድ ሦስት የመለኪያ ጣቢያዎቹን በቀለበት መልክ ያገናኛል፤ አንዱ ቢበላሽ የሌሎቹ መረጃ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። 150 ጣቢያዎች ያሉት ኤስ-ኔት ደግሞ 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የየክፍሉ ገመድ በሁለቱም ጫፎቹ የብስ ላይ ስለሚወጣ፣ አንድ ቦታ ቢቆረጥ የወዲያኛውም የወዲህኛውም መረጃ መውጫ አያጣም። ሁለት ቦታ ከተቆረጠ ግን በመካከል ያሉት ጣቢያዎች ይነጠላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስብራት ፈጥኖ መጠገን አለበት።

የተሰበረውን ቦታ የሚያመለክተው ራሱ ብርሃን ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የተላከው ጨረር ከስብራቱ ተንጸባርቆ በሴኮንድ አንድ ሺኛ ጊዜ ውስጥ ከተመለሰ፣ ጉዳቱ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። የጥገና መርከብም ወደዚያው ታመራለች።

የካማይሺው አሮጌ ገመድም ታሪኩ አላበቃም። ጣቢያው ዳግም ከተሠራ በኋላ፣ በ2019 ተመራማሪዎች በውስጡ ባሉ ትርፍ ፋይበሮች የሌዘር ብርሃን ልከው የባሕር ወለሉን ንዝረት ለክተዋል። በዚህ ዘዴ ፋይበሩ ራሱ መለኪያ ይሆናል። ሆኖም ፋይበሩ ከተቆረጠ መረጃ ብቻ ሳይሆን መለኪያውም አብሮ ይቆረጣል። ከሁለቱም ጫፍ የማንበብ ጥንቃቄ እዚህም ያስፈልጋል። ተጨማሪ ገመድና ጣቢያ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ሊጠፋ የማይገባው አደጋው በደረሰባት በዚያች ሰዓት ነው።