ግነት በጨዋታና በመዝገብ

በክረምት ወራት በአቃቂ ቃሊቲ መንደሮች ያለፈ ሰው ስለ ዝናቡ የሚነገረውን ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ «ሰማዩ ተቀደደ» ይላል። ሁለተኛው «ወንዙ አገሩን ጠራርጎ ወሰደው» ይላል። ሦስተኛውም «መኪና ስጠብቅ ሸበትሁ» እያለ ጃንጥላውን ያራግፋል። ሰማዩ እንዳልተቀደደ፥ የተናጋሪውም ጠጉር ጥቁር እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ውሸታም ተብሎ የሚነቀፍ የለም። እንዲህ ያለው አነጋገር በሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ዘንድ ግነት ይባላል።

ግነት ከውሸት የሚለየው በምንድን ነው? ውሸት እንዳይታወቅበት ይሸሸጋል፤ ግነት ግን እንዲታወቅለት ይፈልጋል። «በሳቅ ሞትሁ» የሚል ሰው በሕይወት ቆሞ ይናገራልና ማንንም አያታልልም። የሚነግረን የነገሩን ልክ ሳይሆን የስሜቱን ብርታት ነው።

ልማዱም የቆየ ነው። ቀድሞ በግብር አዳራሽና በዘመቻ ጊዜ «ዘራፍ!» ብሎ የሚነሣው ፎካሪ ራሱን በአንበሳና በነብር ይመስል ነበር። የሚሰማውም ወገን ልቡ ይሞቅ ነበር እንጂ ጥፍርና ጋማ አልፈለገበትም።

ወደ ቍጥር ብንመለስም ይህንኑ እናገኛለን። «እልፍ» በግዕዝ ልኩ የታወቀ ቍጥር ሲሆን 10,000 ማለት ነው፤ ምልክቱም ፼ ሁለት የመቶ ምልክቶች ተያይዘው የተሠራ ነው፤ መቶ በመቶ ሲባዛ ይህንኑ ይሰጣልና። በአማርኛ ግን እልፍ ልኩን ትቶ «ስፍር ቍጥር የሌለው» ለማለት ይነገራል። በከተማ ጨዋታ «የትየለሌ» የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። «ሺህ ጊዜ ነገርሁህ» ይባል የነበረውም፥ ሚሊዮን የሚለው የባሕር ማዶ ቃል ከገባ ወዲህ፥ «ሚሊዮን ጊዜ» ወደ መባል ደርሷል። የግነት ቃል እንደ ገንዘብ ነው፤ በበዛ ቍጥር ዋጋው ይወርዳል።

ይህን ማንሣታችን ጨዋታን ለመከልከል አይደለም፤ ጨዋታ ያለ ግነት ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ጕዳቱ የሚመጣው ግነት ከጨዋታ ወጥቶ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው። ታላቁና ትንሹ አቃቂ በክረምት ሲሞሉ፥ አንድ ጸሓፊ «ወንዙ አገሩን ወሰደው፤ ሕዝቡ በሙሉ ሜዳ ላይ ወደቀ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ እንበል። ደብዳቤውን የሚመረምረው ሹም የተናጋሪውን ፊት አያይም፥ ድምፁንም አይሰማም። የተጐዱት አምስት ቤቶች ይሁኑ ሃምሳ፥ ስንት ብርድ ልብስና ስንት ኵንታል እህል መላክ እንደሚገባው በምን ይወቅ? ከዚህም የሚከፋው በሌላው ክረምት ወንዙ በእርግጥ ብዙ ቤት ሲያፈርስ «እንደ ልማዳቸው ነው» ተብሎ መዝገቡ የሚዘጋ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ብዕር የያዛችሁ ሁሉ የቤቱን ቍጥር፥ የመንደሩን ስምና የደረሰበትን ቀን ጻፉ። ባለጉዳይ አጋንኖ ቢጽፍላችሁም አትናቁት። «አገሩን ወሰደው» ያለው ሰው የተወሰደችበት አንዲት ጎጆ ትሆናለች፤ ለእርሱ ግን አገሩ እርሷ ናት። ልኩን ሄዶ መለካት የእናንተ ፈንታ ነው።