አንድ ክፍል፣ ልዩ ልዩ እርምጃ

እ.ኤ.አ. በ2004 ኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሳተላይት ማሰራጨት ስትጀምር፣ በየክፍሉ የተተከለው «ፕላዝማ» እንግሊዝኛን፣ ሒሳብንና ሳይንስን ለሀገሪቱ ተማሪዎች በአንድ ፍጥነት ያስተምር ነበር። በኮልፌ ቀራንዮ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚማርም ሆነ በሩቅ ገጠር ያለ አቻው፣ ያልገባውን ዓረፍተ ነገር «ይደገምልኝ» ብሎ ሥርጭቱን ማስቆም አይችልም ነበር።

ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በቋንቋው ወደኋላ የቀረ ተማሪ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ያመልጠዋል።

ለመሆኑ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚመጥነውን ጥያቄ በስሌት መምረጥ ይቻላልን? ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ጌዮርግ ራሽ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የተማሪውን ችሎታና የጥያቄውን ክብደት በአንድ መለኪያ ላይ አስቀመጠ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በትክክል የመመለስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ችሎታው በአንድ አሃድ ሲበልጥ ዕድሉ ወደ 73 በመቶ ያድጋል፤ ጥያቄው በሁለት አሃድ ሲከብድ ግን ወደ 12 በመቶ ይወርዳል።

ዲጂታል የመልመጃ ገጽ በዚህ ስሌት ሊሠራ ይችላል። ስለ ዓባይ የተጻፈ አጭር የእንግሊዝኛ ምንባብ እንውሰድ። ጀማሪው ቃላትን ከሥዕል ጋር ያዛምዳል፤ መካከለኛው የጎደሉ ግሦችን ይሞላል፤ የበረታው ምንባቡን በራሱ አባባል ያሳጥራል። ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ግምቱን አሻሽሎ ቀጣዩን ጥያቄ ያቀልላል ወይም ያከብዳል። የተጻፈውን አንብቦ ማረምና ማበረታታት ግን የመምህሩ ድርሻ ነው።

በህንድ ዴልሂ በዕጣ ተመርጠው እንዲህ ባለ ፕሮግራምና በአነስተኛ ቡድን የተማሩ ልጆች፣ በ4 ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብና በሂንዲ ቋንቋ ካልተመረጡት በግልጽ መብለጣቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። ተማሪው በየጊዜው ካልተመዘነ፣ ለመነሻ የተሰጠው ደረጃ ቋሚ ስም ሆኖበት ይቀራል። ኮምፒውተር በሌለበትም መምህሩ ከአንድ ምንባብ ሦስት ዓይነት የመልመጃ ወረቀት ማዘጋጀት ይችላል።

እኛም ብቻችንን ስናጠና ከራሽ ቀመር አንድ ነገር እንማራለን፦ ሁሉንም የምንመልሰው መልመጃም፣ አንዱንም የማንመልሰው መልመጃም፣ የት ላይ እንዳለን እምብዛም አይነግረንም። ከሁለቱ መካከል ያለውን እንምረጥ።