ጎባው ወይስ ገብሩ?

ለአንድ ጉዳይ ከትክል ድንጋይ ማልጄ ጎንደር ወርጄ ነበር። ከንቲባ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ማመልከቻቸውን አራት አጥፈው ጉያቸው ከተቱና፣ «ልጄ፣ ከንቲባ ማለት እኮ ዱሮ የደምቢያ ገዥ ማዕረግ ነበር» አሉኝ። «እንዴት አባቴ?» ስላቸው ተራቸው ደርሶ ተነሡ።

ቤቴ ተመልሼ መጻሕፍት አገላበጥሁ። ልክ ነበሩ። ማዕረጉ የደምቢያ ነበር፤ ኋላ የጎንደር ከተማ ሹም ተጠራበት፤ ዛሬ አገር ሁሉ የከተማ ሹሙን በዚያው ይጠራል። ይህን ስፈልግ ሌላ ነገር ያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካ ተልኮ ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ባገኘው የኢትዮጵያ ልዑክ ውስጥ፣ ከደጃዝማች ናደውና ከኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር፣ ከንቲባ ገብሩ ደስታ የሚባሉ ሰው አሉ። የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። እንዴት ዋሽንግተን ደረሱ?

ከልጅነታቸው ልጀምር ብል ገብሩ የሚባል ልጅ ጠፋኝ። በሚስዮናውያን ታሪክ ውስጥ ያለው ጎባው ደስታ ነው፤ በጎንደር አገር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ግድም የተወለደ፣ በሚስዮናውያን እጅ ያደገ፣ ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረ። ሁለት ሰዎች መስለውኝ ለየብቻ ወረቀት ያዝሁላቸው። ጎባው ወጣት ሳለ ይታያል፤ ጎልምሶ ይጠፋል። ገብሩ ልጅነት የላቸውም፤ ፈረንጅ አገር የተማሩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ የቤተ መንግሥት ሰው ሆነው ድንገት ብቅ ይላሉ። አንድ ማታ ወረቀቶቹን ኩራዙ ሥር ጎን ለጎን ዘርግቼ የአባቱን ስም በጣቴ ስከተል ገባኝ። ደስታ፣ ደስታ። ጎባው ራሱ ገብሩ ነው! ከዚያ በኋላ የጸሐፊዎቹን ቃል ሳስተያይ ስሙ መለወጡን ቁልጭ አድርገው ጽፈውት አገኘሁ።

ዐፄ ምኒልክ የጎንደርን ከንቲባነት ሲሰጧቸው ከተማይቱ ሁለት ጊዜ ተቃጥላ ነበር፤ አንዴ እ.ኤ.አ. በ1866 በገዛ ንጉሧ በቴዎድሮስ፣ አንዴ በ1888 በድርቡሽ። አብያተ ክርስቲያኗ ወድመው፣ ነጋዴዋ ተበትኖ የነበረች ከተማ ናት። የአውሮፓን ከተሞች ያየ ዓይን ወደዚያ ሲመለስ ምን እንደተሰማው ሳስበው ልቤን ያመኛል። ሹመቱ ቢያልፍም ማዕረጉ አልተለያቸውም፤ አሜሪካ ሲገቡም ከንቲባ ተብለው ነው። እኔ በዚህ እኮራለሁ፤ የተቃጠለችው ከተማችን ስም አብሯቸው ባሕር ተሻግሯል።

ሌላው ስማቸውም ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ልጃቸው ናቸው። የሚጠሩትም ስንዱ ጎባው ተብለው አይደለም፤ ስንዱ ገብሩ።