ከየትኛው ባሕር የተለካ ከፍታ?

በድልድይ ሥራ ተቋራጭን የሚያከስረው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ መናር ብቻ አይደለም። በንድፉ ላይ በትንሽ ፊደል የሰፈረች የከፍታ ቁጥርም ታከስራለች። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ወሰን፣ በራይን ወንዝ ላይ የተሠራው የላውፈንቡርግ ድልድይ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል።

ሁለቱ አገሮች «ከባሕር ጠለል በላይ» ሲሉ አንድ ባሕር ማለታቸው አይደለም። የጀርመን ከፍታ መነሻው የአምስተርዳም የውኃ ልክ ነው። የባሕር በር የሌላት ስዊዘርላንድ ደግሞ በማርሴይ በኩል ከሜዲትራኒያን የመጣውን ልክ ትከተላለች፤ በጄኔቭ ሐይቅ ውስጥ የሚገኝ አንድ ቋጥኝንም 373.6 ሜትር ብላ መነሻ አድርጋዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 27 ሴንቲ ሜትር ነው።

ልዩነቱ ከመሐንዲሶቹ የተሰወረ አልነበረም። በስሌታቸው አስገብተውታል፤ ያስገቡት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። መጥፋት ሲገባው እጥፍ ሆነና እ.ኤ.አ. በ2003 ግንባታው እየተካሄደ ሳለ ሁለቱ ወገኖች በ54 ሴንቲ ሜትር ተበላልጠው ተገኙ። አንዱን ወገን እንደገና ማስተካከል ግድ ሆነ። ድልድዩ ለትራፊክ የተከፈተው በ2004 ነው። ይደመር ወይስ ይቀነስ የሚለውን ጥያቄ አንድ መስመር ማስታወሻ ይፈታው ነበር።

የዛሬ ንድፍ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ይህ ግን ችግሩን አላጠፋውም። በአውቶካድ ላይ ነዳፊው ከፍታውን እንደ ተራ ጽሑፍ በእጁ ሊጽፈው ይችላል። ታዲያ በማግሥቱ ምሰሶው በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢደረግ ጽሑፉ እንደነበረ ይቀራል። ከሞዴሉ ጋር የተሳሰረ የከፍታ ምልክት ግን ራሱን ያርማል። እሱም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። በሬቪት ፕሮግራም አንድ የከፍታ ምልክት ከፕሮጀክቱ መነሻ፣ ከቅየሳ ነጥብ ወይም ከተመረጠ ወለል ተነሥቶ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ የድልድዩ አንድ ጥግ በአንዱ ሉህ 4.200፣ በሌላው 316.650 ተብሎ ቢታተም ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ወረቀቱን ይዞ ሳይት ላይ የቆመው ፎርማን ግን የትኛውን ይመን?

በሳተላይት መለኪያ የሚሠሩ ቀያሾች ሲጨመሩ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። መሣሪያው በቀጥታ የሚሰጠው ከፍታ የሚነሣው ከባሕር ጠለል ሳይሆን ለስሌት ከተበጀ የምድር ቅርጽ ነው። ልዩነቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር አይደለም፤ እንደየአገሩ በብዙ ሜትር ይለያያል፣ በዓለም ላይ ከፍ ሲል ወደ 85 ሜትር፣ ዝቅ ሲል ከ100 ሜትር በላይ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ የመሐንዲስ ጭቅጭቅ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ወደ ውሉ ቢመለከት ይሻለዋል። በአገራችን የመንገድና የድልድይ ሥራም የሚታወቀው የፊዲክ ውል፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ቀይ መጽሐፉ አንቀጽ 4.7 ላይ፣ በውሉ ለተሰጡ መነሻ ነጥቦችና ከፍታዎች ስሕተት ኃላፊው አሠሪው ነው ይላል። ተቋራጮች በአብዛኛው አንብበው የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ተቋራጩ ነጥቦቹን ከመጠቀሙ በፊት ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት እንዲያደርግ ያዛል። ተጨማሪ ጊዜና ክፍያ የሚፈቀደውም ስሕተቱ ልምድ ያለው ተቋራጭ በአግባቡ ሊደርስበት የማይችለው ሆኖ ሲገኝ ነው። ንድፉ ላይ የከፍታው መነሻ ሳይጻፍ ቀርቶ ተቋራጩም በጨረታው የማብራሪያ ጊዜ ሳይጠይቅ ካለፈ፣ አሠሪው በክርክሩ ላይ መጀመሪያ የሚያነሣበት ይህንኑ ነው።