ፖታሲየም 9.2፦ ኮምፒውተሩ ያልለቀቀው ውጤት

የላቦራቶሪ ማሽን የአንድን ሰው ደም መርምሮ ይህን ጻፈ እንበል፦ ፖታሲየም 9.2፣ ካልሲየም 0.9። የጤነኛ ሰው ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር፣ ካልሲየሙ ደግሞ ከ2.2 እስከ 2.6 ገደማ ነው። ውጤቱ እውነት ከሆነ የሰውየው ልብ በየትኛውም ደቂቃ ሊቆም ይችላል። እሱ ግን ተመላላሽ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ያወጋል።

ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን በትክክል ለክቷል። ስህተቱ የመጣው ከቱቦው ነው። ሐምራዊ ክዳን ባለው የደም መያዣ ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ብዙውን ጊዜ የፖታሲየም ጨው ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ ካልሲየምን ደግሞ አጥብቆ ይይዛል። አንድ ሰው ቸኩሎ ከዚያ ቱቦ ወደ ሌላው ጥቂት ደም ከገለበጠ ፖታሲየሙ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ካልሲየሙ ያሽቆለቁላል።

እንዲህ ያለው ውጤት ሐኪሙ ዘንድ ሳይደርስ መያዝ አለበት። ብዙ ሥራ ያለበት ላቦራቶሪ በቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ውጤቶችን ስለሚያወጣ ግን ባለሙያ እያንዳንዱን ልመልከት ቢል አይችለውም። ስለዚህ በማሽኑና በሐኪሙ መካከል አንድ ሶፍትዌር ይቆማል። ጥርጣሬ የሌለበትን ውጤት ራሱ አጽድቆ ይለቃል፤ የተጠራጠረውን ለባለሙያ ያስተላልፋል። ለዚህ አሠራር የአሜሪካው የክሊኒካልና ላቦራቶሪ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 መመሪያ አውጥቷል።

ሶፍትዌሩ በምን ይጠራጠራል? ቁጥሩ ከገደብ ሲያልፍ፣ ሁለት ውጤቶች አብረው የማይሄዱ ሲሆኑ፣ ከሕዋሳቱ የተለየው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ሲቀላ። የፈሳሹ መቅላት ቀይ የደም ሕዋሳት መፈንዳታቸውን ያሳያል፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከውጭው ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ ጥቂት ሲፈነዱ እንኳ ልኬቱን ያዛባሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ግን የዛሬውን ውጤት ከዚያው ሰው የቀድሞ ውጤት ጋር ማስተያየቱ ነው። የቀይ ደም ሕዋስ አማካይ መጠን ደም ካልተሰጠ በቀር በሁለት ቀን ውስጥ ብዙም አይለወጥም። ተለውጦ ከተገኘ ደሙ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የራሱንም የአባቱንም ስም የሚጋራ ሰው በበዛበት አገራችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የሰው ነው። ባለሙያው ቱቦውን አንስቶ ያያል፣ ደሙ ወደተቀዳበት ክፍል ደውሎ ከየት እንደተቀዳ ይጠይቃል፣ ካስፈለገ ሌላ ናሙና ያስመጣል። ግን እየተጣራ ያለው ውጤት እውነትም ሊሆን ይችላል። ጆርጅ ሉንድበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ለሕይወት አስጊ የሆነ ውጤት ወዲያው ለሐኪም ሊነገር ይገባል ብለው ጻፉ፤ ዛሬ ይህ በብዙ አገር የላቦራቶሪ ደንብ ነው። ስለዚህ ማጣራቱ ሰዓታት ሊፈጅ አይገባም።

የሶፍትዌሩ ገደብ በጣም ከጠበበ ሌላ አደጋ ይመጣል። በከንቱ የታገዱ ውጤቶች ስክሪኑን ሲሞሉት ባለሙያው ይታክትና ሳያነብ ማጽደቂያውን መጫን ይጀምራል። ያኔ ሰው አይቶታል ቢባልም አላየውም። የሶፍትዌሩን ሕጎች የሚጽፉ ሁሉ ከምንም በላይ ይህን ሊፈሩ ይገባል።

እርስዎም ድርሻ አለዎት። ላቦራቶሪው በድጋሚ ደም ልቅዳ ሲልዎት አይቆጡ። ግሉኮስ የተተከለበት ክንድ ካለ ለቀጂው ይንገሩ፤ ከዚያ ክንድ የተቀዳ ደም የስኳር መጠንን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ክንድዎ ሲታሰርም ጡጫዎን ደጋግመው አይጨብጡ፤ እሱም ፖታሲየሙን ይጨምረዋል።